የማርከሩ ቃል

ተድላ አራቱን ጠመንጃዎቹን በአንድ ሰመር ሸጦ ጨረሰ። መጀመሪያ የሄደው ሰደፉ የተሰነጠቀው ነበር፤ በእሱ ብዙም አልከፋውም። ሁለተኛውን ከሌዝብሪጅ ከተማ ድረስ የመጣ ገበሬ ወሰደው። ሦስተኛውና አራተኛው ሲወጡ ግን ገዢው መኪናው ውስጥ ሲያስገባቸው ላለማየት ወደ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። አራቱም ባሩድ የማያውቁ፣ በአየር ግፊት ብቻ ትንሽ የእርሳስ ጥይት የሚተፉ፣ የድሮ የእንግሊዝ ሥራዎች ነበሩ። አራቱም በዕድሜ ይበልጡታል። ሚስቱ መሲ "ጣውንቶቼ" ነበር የምትላቸው። ከሥራ መልስ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ዘይት ሲቀባቸው ብቅ ትልና፣ "ዛሬ ተራው የየትኛዋ ነው?" ትለዋለች። የመጨረሻው የተሸጠ ዕለት ግን ግድግዳው ላይ የቀረውን ባዶ መስቀያ አይታ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

የሸጣቸው ሥራ አጥቶ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ማሽን ሾፕ ውስጥ ለነዳጅ መቆፈሪያ የሚሆን ብረት በቶርኖ ሲቀርጽ ኖሮ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ጥር ላይ የነዳጅ ዋጋ ሲንኮታኮት፣ በአንድ ጠዋት ስድስት ሰው ሌይኦፍ ተደረገ። አንዱ እሱ ነበር። ሰው ሁሉ ለጊዜው ነው አለው። እሱም ለጊዜው ነው ብሎ አመነ። እጁ የሚሠራውን ያውቃል፤ የተበላሸ ብረት ይዘው "ወደ ተድላ ውሰዱት" ይባል የነበረ ሰው ነው። ግን ካልጋሪ ውስጥ የሚቀረጽ ብረት ጠፋ። ማመልከቻ ያስገባባቸው ሾፖች ራሳቸው ተራ በተራ ተዘጉ።

ያን ጠዋት ጓንቱን አውልቆ ቶርኖው ላይ ሲያስቀምጥ አጠገቡ የቆመው ፎርማኑ ፍረዝጊ ነበር። ፍረዝጊ አስመራ ተወልዶ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በአማርኛ የተማረ ሰው ነው። ተድላ "የአዲስ አበባው ልጅ እኔ ነኝ፣ አማርኛውን የሚያውቀው ግን እሱ ነው" እያለ ይቀልድበት ነበር። ተድላ ታራዴል፣ ፍረዝጊ ሞንተሬይ ፓርክ ይኖራሉ፤ በመኪና አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። አንዱ ሲታመም ሌላው ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶለታል፣ የአንዱን ቤዝመንት ሁለቱ ሆነው ሠርተዋል። ያን ዕለት ፍረዝጊ የዕቃ ሣጥኑን ተሸክሞ እስከ መኪናው ሸኘው። ኦፊስ ገብቶ ጠረጴዛ እየመታ እንደተከራከረለት፣ አንዳቸውም እንዳልሰሙት እዚያው በረዶው ላይ ቆሞ ነገረው። ተድላ ይህን አልረሳም። በዚያው ዓመት የፍረዝጊ ልጅ ሓርነት ስትመረቅ፣ በግብዣው መሀል ብርጭቆውን ይዞ ተነሳና፣ በክፉ ቀን የቆመለትን ወንድሙን በሰው ፊት አመሰገነ። ፍረዝጊ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ ቆየ። ሰው ትሕትና ነው ብሎ አጨበጨበለት።

ሁለቱ ከሥራ ውጭ የሚገናኙበት አንድ ቦታ ነበራቸው። ፎረስት ሎውን ውስጥ፣ ከጎማ ቤት ጀርባ ያለ አሮጌ አዳራሽ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡ እንግሊዞች ያቋቋሙት ሲሆን፣ ከአገራቸው ያመጡት ጨዋታ ክረምት ክረምት ቅዳሜ ከሰዓት ይካሄድበታል። አንድ የብረት ሰሌዳ ግድግዳው አጠገብ ይቆማል። መሀሉ ላይ ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጥ ቀዳዳ አለው፤ ከቀዳዳው በስተኋላ ደወል ተንጠልጥሏል። ተኳሹ ሰባት እርምጃ ርቆ በአየር ጠመንጃ ያነጣጥራል። ጥይቱ በቀዳዳው ካለፈ ደወሉ ይጮኻል፤ ካላለፈ ሰሌዳውን ጠቅ አድርጎ ይወድቃል። ሰሌዳው በቅባት የተለወሰ ነጭ ቀለም ስለሚቀባ ጥይቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ከሰሌዳው ጎን፣ ከወፍራም ጣውላ ጀርባ፣ ማርከር የሚሉት ሰው ይቀመጣል። ማርከሩ አይቶ ውጤቱን ይጠራል፣ ከዚያ በብሩሹ ነጥቡን ያጠፋል። ቀለሙ አንዴ ከተቀባ በኋላ የሚቀር ማስረጃ የለም፤ ያለው የማርከሩ ቃል ነው። በስልሳ ዓመት ውስጥ ውጤት ላይ የተከራከረ ሰው አልነበረም ይባላል።

ፍረዝጊን ወደዚያ የወሰደው ተድላ ነው። መተኮስ አልሆነለትም። ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል። እንግሊዞቹ ሽማግሌዎች እስኪያነቡ ስቀውበት ማርከር አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ስምንት ክረምት ከጣውላው ጀርባ እሱ ነው የሚቀመጠው።

አሁን ሽማግሌዎቹ የሉም። ያልሞቱት ልጆቻቸው ወዳሉበት ሄደዋል። የቀሩት የአዳራሹ መሥራች ሚስት የነበረችው የሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ሚስስ ሃርግሪቭ፣ ተድላ፣ ፍረዝጊ፣ አንዳንዴም ብቅ የሚሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው። ኪራዩ ስላልተቻለ በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት መጋቢት መጨረሻ አዳራሹ ሊዘጋ ሆነ። የሟች ባሏ ጠመንጃ ግድግዳው ላይ ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በርሚንግሃም የተሠራ፣ ሰደፉ ከብዙ እጅ ንክኪ የተነሳ እንደ ጠይም ቆዳ የለሰለሰ ዕቃ ነው። ተድላ የራሱን ከሸጠ ወዲህ የሚተኩሰው በዚያ ነበር። ስፕሪንጉን የቀየረለት፣ በውስጡ አየር የሚገፋውን ቆዳ በእጁ ቆርጦ በዘይት ነክሮ የሠራለት እሱ ነው። ከአፈሙዙ በታች ያለውን ዘንግ ወደ ታች ሲስብ የሚሰማውን ድምፅ ዓይኑን ጨፍኖ ከሺህ ድምፅ ይለየዋል።

ሚስስ ሃርግሪቭ ቁርጡን ተናገረች። የመጨረሻውን ክረምት ያሸነፈ ጠመንጃውን ይወስዳል። ያሸነፈችው እሷ ከሆነች ግን ልጇ ላናገረው ነጋዴ ተሽጦ ከሌላው ዕቃ ጋር ወደ ኦንታሪዮ ይሄዳል። ተድላ ይህን ከሰማ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተው። ለመሲ ነገራት። እሷም ሲስቅ ካየችው ብዙ ጊዜ ሆኗት ስለነበር፣ "ያቺን አሮጊት ጣውንት አምጣት፣ ቦታ አለን" አለችው።

ለማሸነፉ ብዙም አልሰጋም። ክረምቱን ሙሉ ደወሉ እየጮኸለት ነው። የፊተኛው ማነጣጠሪያ ላባ እየመሰለ መታየት ከጀመረ ቆይቷል፤ የዓይን መነጽሩን የሚከፍልለት ኢንሹራንስ ከሥራው ጋር ሄዷል። ደወሉ ግን ይጮኻል። ታዲያ ዓይኔ ምን ሆነ ይላል። አንድ ሁለቴ ደወሉ ከተኩሱ በኋላ ለጥቂት ዘግይቶ የጮኸ መስሎት ፍረዝጊን ጠይቆት ነበር። "ያረጀው ጆሮህ ነው" አለው ፍረዝጊ ከጣውላው ጀርባ። ሳቁ።

የመጨረሻው ውድድር ዕለት ለፍጻሜ የቀሩት እሱና ሚስስ ሃርግሪቭ ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ተኩስ ነው፤ የሚቆጠረው ደወል ብቻ ነው። እሷ በራሷ ቀጭን ጠመንጃ ተኮሰች፤ ጥይቷ የምስር ያህል ነው። የእሱ የአተር ያህላል። እሷ ስምንት ደወል አገኘች። ተድላ ተራውን ያዘ። ፍረዝጊ ከጣውላው ጀርባ "ደወል" እያለ ጠራ፣ ብሩሹን አሳረፈ፣ ደግሞ "ደወል" አለ። አሥር ደወል። አሮጊቷ ተነስታ ጠመንጃውን ከእጁ ወሰደችና መልሳ በሁለት እጇ ሰጠችው። ተድላ ሰደፉን በመዳፉ አሻሸው። ፍረዝጊ አቀፈውና መኪና ላሙቅ ብሎ ወጣ።

የአዳራሹ ልማድ ነው፣ ያሸነፈ ሰው እርሳሱን ይጠርጋል። ሁለት ሣጥኖች አሉ። አንዱ ከሰሌዳው በታች የሳቱትን ይቀበላል፤ ሌላው ከደወሉ በስተኋላ ሆኖ በቀዳዳው ያለፉትን ይይዛል። ከፍጻሜው በፊት ሁለቱም ባዶ ይደረጋሉ። እርሳሱ ተጠራቅሞ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ይሰጣል። ተድላ የኋላውን ሣጥን አውጥቶ መዳፉ ላይ ገለበጠው። የተጨፈለቁትን ጥይቶች እያየ፣ ሳያስበው፣ ትንንሾቹን ወደ አንድ ወገን ትልልቆቹን ወደ ሌላ ገፋ። ትንንሾቹ ስምንት ናቸው። ትልልቆቹ ስድስት።

እንደገና ቆጠራቸው። ተንበርክኮ ከደወሉ ሥር ያለውን ወለል በእጁ ዳበሰ። ምንም የለም። የፊተኛውን ሣጥን ገለበጠ። እዚያ አራት የምስር ያህል የሆኑ፣ ስድስት የአተር ያህል የሆኑ እንደ ሳንቲም ተጨፍልቀው ተኝተዋል። ከአሥራ ሁለት ተኩስ ስድስት ስቷል። የተጠራለት ግን አሥር ነው። ወጥ ቤት በኩል ሚስስ ሃርግሪቭ ኩባያ ስታጥብ ይሰማዋል። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛውና በቀዳዳው ያለፉለትን ስድስቱን ጥይቶች ጨብጦ ወጣ።

ፍረዝጊ ቫኑ ውስጥ ሙቀቱን ከፍቶ ተቀምጧል። ተድላ ከጎኑ ገባና በሩን ዘጋ።

"ጠመንጃህስ?"

"ስንት ደወል ጠራህልኝ?"

"አሥር። ምነው፣ አነሰህ እንዴ?"

ተድላ መዳፉን ከፈተ። "ከኋላው ሣጥን ውስጥ የኔ ይሄ ብቻ ነው።"

ፍረዝጊ አየት አደረጋቸው። አንድ ሁለቱ ውጭ ወድቀው ይሆናል ሊል ጀመረ። ተድላ ወለሉን በእጁ እንደዳበሰ ነገረው። ፍረዝጊ ሬዲዮውን አጠፋ። ተድላ በምን ነው ደወሉን የምትመታው ብሎ ጠየቀው። ፍረዝጊ መኪናው ላይ ተሰክቶ የሚወዛወዘውን የቁልፍ ዘለላ እያየ፣ "በቤት ቁልፍ" አለ።

ከዚያ ቃሉ ተከታትሎ ወጣ። ዓይንህ ደክሟል፣ አንተ ግን አልታወቀህም አለው። ሥራ የለህ፣ ዕቃህን ሸጠህ ጨረስክ፣ መሲ ደብል ሺፍት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ደወል ስትሰማ ፊትህ ይፈታል፣ እኔ ምን ላድርግ አለው። ዛሬ ደግሞ ያ ጠመንጃ የማያውቁት ሰው እጅ ሲገባ ማየት አልቻልኩም አለ። ተድላ ጥይቶቹን መልሶ ጨበጠ። ፊቱ ቢቃጠልም ውስጡ ገና ሙሉ በሙሉ አልከፋም ነበር። ሰው እያዘነልህም ያዋርድሃል፣ ይህም ያለ ነገር ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ።

"ካለፈው ዓመት። ከየካቲት።"

ተድላ መስኮቱን እያየ ወሩን በልቡ ፈለገው። በጎዳናው ማዶ ከጎማ ቤቱ ጣሪያ የሚቀልጥ በረዶ ይንጠባጠባል።

"የካቲት ላይ ሥራ ካጣሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ነበር" አለ። "አንድም ጠመንጃ አልሸጥኩም። ዓይኔም ደህና ነበር። ሰው ሁሉ፣ አንተም ጭምር፣ በወር ውስጥ ሥራ ታገኛለህ ነበር የምትሉኝ። ያኔ ምን አሳዘነህ?"

ፍረዝጊ ሙቀቱን ቀነሰ።

"ፍሬ። ያኔ ምን አውቀህ ነው ያዘንክልኝ?"

"ዝርዝሩን እኔ ነኝ የጻፍኩት" አለ ፍረዝጊ።

ተድላ የቱን ዝርዝር ብሎ አልጠየቀም። ፍረዝጊ ግን ነገረው፤ አንዴ ከጀመረ ማቆም ያቃተው ይመስል ነበር። በዋዜማው ጠዋት ኦፊስ ጠርተው ባዶ ወረቀት ሰጡት። እስከ ምሳ ሰዓት ስድስት ስም፣ ካልሆነ የአንተ ሰባተኛ ይሆናል አሉት። አንዱ ሚስቱ ታማለች፣ አንዱ አራት ልጅ አለው፣ አንዱ ገና የመኖሪያ ወረቀቱ አላለቀለትም። ተድላ ግን እጁ ወርቅ ነው፣ ነገ ሌላ ሾፕ ይወስደዋል ብሎ አሰበ። ከሁሉ ቀድሞ ሥራ የሚያገኘው እሱ ነው ብሎ አሰበ።

"ጎበዝ ስለሆንክ ነው የጻፍኩህ" አለ። "በእግዚአብሔር፣ ተዲ። ጎበዝ ስለሆንክ ነው።"

"ጠረጴዛ መታሁልህ አልከኝ።"

"አልኩህ።"

"በልጅህ ምርቃት ሰው ፊት ቆሜ አመሰገንኩህ።"

"አውቃለሁ።"

"ከዓመት በላይ ልትነግረኝ አልቻልክም፤ በቁልፍ ደወል መምታት ግን ቻልክ።"

ፍረዝጊ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፤ መኪናው ግን አልተንቀሳቀሰም። ተድላ ያ ሁሉ ደወል አንድ በአንድ በጆሮው መጣበት። ማክሰኞ ማክሰኞ ከቃለ መጠይቅ ባዶ እጁን ተመልሶ፣ ቢያንስ ቅዳሜ አለልኝ ያለባቸው ቅዳሜዎች መጡበት። ለመሲ እየተጣደፈ የነገራት ውጤት ሁሉ መጣበት። ሲቀጣም ሲካስም ያው አንድ እጅ ነበር። በሩን ከፍቶ ወረደ። ፍረዝጊ ስሙን ጠራው። አልዞረም።

ሚስስ ሃርግሪቭ ኮቷን ለብሳ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ጠመንጃ እያየች ቆማለች። ተድላ ስድስቱን ጥይቶች አጠገቡ ደረደረና፣ ውጤቱ ስድስት መሆኑን፣ ያሸነፈችው እሷ መሆኗን ነገራት። ስለ ወረቀቱና ስለ ስድስቱ ስም ምንም አልተናገረም፤ ያ የእሷ ጉዳይ አልነበረም። አሮጊቷ ጥይቶቹን በጣቷ ነካካች። ከዚያ፣ ሟቹ ባሏ ማርከር ስትመርጡ መተኮስ የማይችል ምረጡ ይል እንደነበር ነገረችው።

"የሚያዝን አትምረጡ ማለት ግን ረሳ" አለች።

ተድላ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ፍረዝጊ ያደረገው አዝኖ ብቻ ነው ብላ ስታምን ላርማት ወይስ ልተዋት ብሎ ለቅጽበት አመነታ፤ ተዋት።

እሷ ግን እንዲህ ሆኖ ያገኘሁትን አልወስድም አለች። ኮቷን አወለቀች። እንደገና እንተኩስ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት አለችው። ማርከር አላስቀመጡም። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ተኳሹ ራሱ ሰባቱን እርምጃ ሄዶ ሰሌዳውን እያየ፣ ራሱ እየቀባ ይመለሳል። ጊዜ ወሰደባቸው። ሚስስ ሃርግሪቭ ጉልበቷን እያመማት ሄዳ ተመለሰች፤ ሰባት አገኘች። ተድላ የመጀመሪያውን ሳተ። ሁለተኛውን ሳተ። ላባ የመሰለውን ማነጣጠሪያ እያየ፣ እስትንፋሱን ይዞ፣ ምላጩን በቀስታ ሳበ፤ ደወሉ ጮኸ። ያ ድምፅ ከተኩሱ ጋር አንድ ሆኖ ነበር የጮኸው፤ በመሀላቸው ጸጉር የሚያስገባ ክፍተት አልነበረም። እንዲህ ያለውን ደወል ሰምቶ ያውቅ ነበር፣ ግን ከየትኞቹ ጋር ተቀላቅሎ እንደነበር ከእንግዲህ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ሲጨርስ አምስት ሆነለት።

ጠመንጃውን በጨርቅ ጠረገው። በአፈሙዙ ላይ ጣቱ የነካውን ሁሉ አንድ በአንድ በዘይት አበሰና ለሚስስ ሃርግሪቭ ሰጣት። ጠመንጃውን ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው። ተድላ አሁን "ውሰደው" ትለኛለች ብሎ ፈራ። አላለችም። ቆዳውን የቀየረው እሱ መሆኑን ለነጋዴው በወረቀት ጽፌ አብሬ እልከዋለሁ፣ ስምህን በትክክል ጻፍልኝ ብላ እስክሪብቶ ሰጠችው። ጻፈላት።

ሊወጣ ሲል ቫኑ ቅድም የነበረበት አለ፣ ጭሱ ይታያል። በኋላ በር ዞሮ በጎማ ቤቱ በኩል ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄደ። የራሱን መኪና መሲ ለሥራ ይዛዋለች። ደርሶ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ቫኑ መጥቶ ፊቱ ቆመ። መስኮቱ ወረደ።

"ግባ ተዲ። እስከ ቤትህ ድረስ አንድ ቃል አልናገርም። ሲሻህ ነገ አታናግረኝ። አሁን ግባ።"

ተድላ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየው። የስምንት ክረምት ማርከሩ ፊት አርጅቷል፤ ቅድም አቅፎት የወጣው ሰው አይመስልም።

"ስድስት ስም ነው ያልከኝ" አለ። "የኔ ስንተኛ ነበር?"

ፍረዝጊ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። ከኋላው የመጣው አውቶቡስ ፌርማታው ስለተዘጋበት ክላክስ ነፋ።

"አንደኛ" አለ።

ያን ቀን ከፍረዝጊ አፍ ከወጡት ቁጥሮች ሁሉ፣ ተድላ ሄዶ ማየት ያላስፈለገው ይህኛው ብቻ ነበር። ከመስኮቱ ቀና አለ። አውቶቡሱ ደግሞ ነፋ። ፍረዝጊ ቦታ ለመልቀቅ ቫኑን ወደፊት ወሰደው፣ ተድላም ወደ አውቶቡሱ በር ሄዶ ተሳፈረ።